የፎቶግራፍ ጠርዝ

ምንባብ

ለመታወቂያ ወረቀት፣ ለትምህርት ቤት መመዝገቢያ ወይም ለሥራ ማመልከቻ የሚጠየቀው ትንሽ ፎቶግራፍ በአማርኛ «ጉርድ ፎቶግራፍ» ይባላል። «ጉርድ» የሚለው ቃል «ጎረደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የተቆረጠ ወይም እንዲያጥር የተደረገ ማለት ነው። ባለቤቱ ሙሉ ቁመና ያለው ሰው ሆኖ ሳለ በወረቀቱ ላይ የሚታየው ከደረቱ በላይ ያለው ብቻ በመሆኑ ሥዕሉ ይህን ስም አገኘ። ይሁን እንጂ ማንኛውም ፎቶግራፍ በባሕርዩ የተቆረጠ ነገር ነው። ካሜራ የሚያየው በፊቱ ካለው ሰፊ ዓለም በአራት ማዕዘን የታጠረውን ቁራጭ ብቻ ነውና። ይህም ቁራጭ በወረቀት ላይ ከመታተሙ በፊት እንደገና ሊቆረጥ ይችላል። ሁለተኛው ቆረጣ፣ አጥር ወይም ጢም እንደሚስተካከል ሁሉ፣ «መከርከም» ይባላል።

ፎቶግራፍን መከርከም ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል የእጅ ሥራ ይመስላል። የማያስፈልገው ጠርዝ ይወገዳል፣ የሚያስፈልገው ይቀራል፤ ነገሩም በዚህ ያበቃል። ዳሩ ግን የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን የሚወስነው ማን ነው? ዛሬ ከንቱ የመሰለው ጠርዝ ነገም ከንቱ ሆኖ ይቀራልን? ብዙ ፎቶግራፍ ላለውና በተነሣበት ቤት ተቀምጦ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ እምብዛም አያስጨንቅም። ቤቱንና አልበሙን ጥሎ ለተሰደደ ሰው ግን ጥያቄው ትልቅ ነው። ይህንንም ለመረዳት በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘውን የኡም ራኩባን የስደተኞች መጠለያ ማስታወስ ይጠቅማል።

በሱዳን ዓረብኛ «ራኩባ» ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ፣ ዳስ የሚመስል የፀሐይ መከለያ ነው። በዚህ ቃል የተሰየመው ኡም ራኩባ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በሁለት የተለያዩ ዘመናት አስጠልሏል። በመጀመሪያ፣ በ1977 ዓ.ም. በድርቅ፣ በረሀብና በጦርነት ምክንያት ብዙ ሕዝብ ከሰሜን ኢትዮጵያ በእግሩ ወደ ሱዳን ሲሻገር፣ ከጎንደርና ከአካባቢው የመጡ በርካታ ቤተ እስራኤላውያን በዚሁ መጠለያ ሠፍረው ነበር። በሱዳን ከነበሩትም መካከል በሺህ የሚቆጠሩት ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በተካሄደው «የሙሴ ዘመቻ» በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ግን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ሁለተኛው ዘመን የጀመረው በኅዳር 2013 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የትግራይን ጦርነት ሸሽተው በሐምዳይትና በሌሎች መሸጋገሪያዎች በኩል ወደ ሱዳን ከገቡት ሰዎች ከፊሉን ለማስጠለል፣ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ የቆየው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ። ሥፍራው ከኢትዮጵያ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስደተኞቹ ገና ኑሯቸው ሳይረጋጋ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በራሷ በሱዳን ጦርነት ተቀሰቀሰ።

በሁለቱ ዘመናት መካከል ከፎቶግራፍ አንጻር አንድ ጉልህ ልዩነት አለ። በ1977 ዓ.ም. ለስደተኛ ገበሬ ካሜራ ይዞ መጓዝ ቀርቶ አንድ ጊዜ እንኳ ፎቶግራፍ መነሣት ብርቅ ነበር። ካሜራውን የሚይዘው ከሩቅ የመጣ ጋዜጠኛ ወይም የርዳታ ሠራተኛ ሲሆን፣ የሥዕሉን ጠርዝ የሚወስነውም እርሱው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን ከተሻገሩት መካከል ብዙዎቹ ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ ይዘው ነበር። በግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሠርግና የምረቃ ፎቶግራፍ ከቤቱ ጋር ሲቀር፣ በስልኩ ውስጥ የነበረው አብሮ ተሻገረ። ይሁንና ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ችግር ሲጠና ይሸጣል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል በሌለበትም ይዘጋል። በወረቀት ላይ የታተመ ፎቶግራፍ ግን ያለ ኤሌክትሪክ ይታያል፤ ከእጅ ወደ እጅም ይተላለፋል። ስለዚህ አንድ ቤተ ሰብ ያለውን ሥዕል ለማሳተም ወደ ፎቶ ቤት ሲሄድ የመከርከም ጥያቄ አብሮት ይሄዳል።

ጥያቄው የሚነሣው ባለቤቱ ስለፈለገው ብቻ አይደለም፤ የካሜራውና የወረቀቱ ቅርጽ ስለማይገጥም ጭምር ነው። በአብዛኞቹ ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎችና የእጅ ስልኮች የሚነሣ ሥዕል የወርዱና የቁመቱ ጥምርታ 4 ለ 3 ነው። በየፎቶ ቤቱ የተለመደው ወረቀት ግን 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የዚህም ጥምርታ 3 ለ 2 ነው። የዲጂታል ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ እጅግ ደቃቅ ነጥቦች የተሠራ መሆኑ ይታወቃል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያነሣው ሥዕል ወርዱ 4,000፣ ቁመቱ 3,000 ነጥብ ነው። ይህ ሥዕል 10 በ15 የሆነውን ወረቀት ያለ ነጭ ጠርዝ እንዲሞላ ከተፈለገ ቁመቱ ወደ 2,667 ነጥብ መውረድ አለበት። ይህም ማለት 333 ነጥብ፣ ወይም ከቁመቱ አንድ ዘጠነኛው፣ የግድ ይቆረጣል።

እንግዲህ ባለቤቱ ራሱ ከርክሞ ካላቀረበ የማተሚያው መሣሪያ ይከረክምለታል። መሣሪያው ግን አባትንና ዛፍን፣ እናትንና ግድግዳን ለይቶ አያውቅም። ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር ትርፍ የሆነውን ለሁለት ከፍሎ ከላይና ከታች እኩል ይቆርጣል። አያት ከፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ረጅሙ የልጅ ልጅ ከኋላ ቆሞ የተነሡት ፎቶግራፍ እንዲህ ባለው ቆረጣ የልጁን አናትና የአያቲቱን እግር ሊያጣ ይችላል። ባለቤቱ አስቀድሞ ቢያስብበት ኖሮ ከራሱ በላይ ካለው ባዶ ሰማይ ብቻ ሊቆርጥ ይችል ነበር። ከላይም ከታችም ትርፍ ቦታ ከሌለ ደግሞ በግራና በቀኝ ነጭ ጠርዝ ቀርቶ ሥዕሉ ሙሉውን እንዲታተም ማዘዝ ይቻላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ገና ሥዕሉ ሲነሣ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ማለት ነው። በሰዎቹ ዙሪያ ጥቂት ትርፍ ቦታ ከተተወ ኋላ የሚቆረጠው ከትርፉ ይሆናል እንጂ ከሰው አይሆንም።

ሥዕሉን የሚወስነው ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የነጥቦቹ ብዛት ጭምር ነው። ለጥሩ ኅትመት በእያንዳንዱ ኢንች 300 ያህል ነጥብ እንዲኖር ይመከራል። በዚህ ስሌት ለ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ወረቀት 1,200 በ1,800 ገደማ ነጥብ ይበቃል። ስለዚህ 4,000 በ3,000 ነጥብ ካለው ሥዕል ከወርዱም ከቁመቱም ግማሹ ተቆርጦ 2,000 በ1,500 ብቻ ቢቀር ኅትመቱ አይጎዳም። ከዚያ በላይ እየተቆረጠ በሄደ መጠን ግን ነጥቦቹ እያነሡ ይሄዳሉ። መከርከም ለሥዕሉ አዲስ ነጥብ አይጨምርለትም። ጥቂት ሊጥ በሰፊ ምጣድ ላይ ቢሰፋ እንጀራው ሳስቶ እንደሚቀደድ ሁሉ፣ ጥቂት ነጥብም በሰፊ ወረቀት ላይ ቢሰፋ ሥዕሉ ይደበዝዛል።

የዚህ ስሌት ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በአንድ የታወቀ ችግር ላይ ነው። የሞተ ወይም የጠፋ ዘመድ ያለው ቤተ ሰብ ብዙ ጊዜ የዚያን ሰው ብቸኛ ምስል የሚያገኘው በሌላ ሰው ፎቶግራፍ ጥግ ላይ ነው። በሠርጉ ሥዕል ላይ ሙሽሮቹ ከፊት ሲታዩ እርሱ ከኋላ፣ በሰው ትከሻ መካከል ብቅ ብሎ ይታያል። የዚያ ሰው ፊትና ትከሻ ያረፈበት ሥፍራ 400 በ600 ነጥብ ቢሆን፣ በ10 በ15 ወረቀት ላይ ሲታተም በኢንች የሚደርሰው ነጥብ 100 ያህል ብቻ ነውና ፊቱ በጉም እንደተሸፈነ ይሆናል። ነገር ግን ያው ቁራጭ 3 በ4 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ መጠን ቢታተም፣ ለዚህ 355 በ475 ገደማ ነጥብ ስለሚበቃ፣ ፊቱ ጥርት ብሎ ይወጣል። አነስ አድርጎ ጥርት ያለ ፊት ማግኘት ትልቅ አድርጎ ፊቱን ከማጣት ይሻላል።

ሥዕሉን በካሜራው ላይ እንዳለ ለመከርከም የሚከተለው ቅደም ተከተል በብዙ ካሜራዎች ዘንድ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያ የተነሡትን ሥዕሎች የሚያሳየው፣ ብዙውን ጊዜ የሦስት ማዕዘን ምልክት ያለበት ቁልፍ ይጫናል። ቀጥሎ የሚፈለገው ሥዕል ተመርጦ፣ ከማስተካከያ ትእዛዞች ዝርዝር ውስጥ የመከርከሚያው ትእዛዝ ይከፈታል። ያን ጊዜ በሥዕሉ ላይ አራት ማዕዘን ክፈፍ ይታያል። በማቅረቢያውና በማራቂያው ማንሻ ክፈፉ ይጠባል ወይም ይሰፋል፤ በቀስት ቁልፎች ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻም አራቱም ጠርዞች አንድ በአንድ ከታዩ በኋላ የማጽደቂያው ቁልፍ ይጫናል። በእጅ ስልክም ሥራው ይህንኑ ይመስላል፤ ልዩነቱ ክፈፉ በጣት መጎተቱ ነው።

የመጨረሻዋን ቁልፍ ከመጫን በፊት ግን መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በፊልም ዘመን ፎቶግራፍ አንሺው ሥዕሉን የሚከረክመው በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በማጉያው መሣሪያ ሥር ነበር። የሚቆረጠው በወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ምስል እንጂ ኔጋቲቩ አልነበረም። ኔጋቲቩ ሙሉ እንደሆነ በፖስታ ተደርጎ ይቀመጥ ነበርና፣ ከዓመታት በኋላ የተቆረጠውን ጠርዝ መልሶ ማተም ይቻል ነበር። በዲጂታል ካሜራ ግን ኔጋቲቭ የለም፤ ዋናው ሥዕል ራሱ ኔጋቲቭ ነው። ብዙ ካሜራዎች የተከረከመውን እንደ አዲስ ሥዕል ለብቻው አስቀምጠው ዋናውን ሳይነኩት ይተዋሉ። አንዳንድ ስልኮችና የማስተካከያ ፕሮግራሞች ግን አዲሱን በዋናው ላይ ይደርቡታል፤ የተቆረጠውም በዚያው ይጠፋል። ስለሆነም የመጀመሪያው ደንብ፣ ሳይገለበጥ አይከርከም የሚል ነው። ከዋናው ቅጂ ይወሰዳል፤ የሚከረከመው ቅጂው ነው። ደግሞም ሥዕል ተስተካክሎ በተቀመጠ ቁጥር ከጥራቱ ጥቂት ሊቀንስ ስለሚችል፣ ሌላ ቅርጽ በተፈለገ ጊዜ ሁልጊዜ ከዋናው መጀመር ይገባል።

እስከዚህ የተነገረው ስለ አሠራሩ ነው። ምን ይቆረጥ፣ ምን ይቅር የሚለው ግን ከስሌት ያለፈ የማስተዋል ጉዳይ ነው። በጎ ክርከማ ለሥዕል ኃይል እንደሚሰጥ የታወቀ ምሳሌ አለ። በየካቲት 1952 ዓ.ም. ኩባዊው ፎቶግራፍ አንሺ አልቤርቶ ኮርዳ በሃቫና ከተማ በተደረገ የሐዘን ሥነ ሥርዓት ላይ ቼ ጉቬራን አነሣው። በዋናው ሥዕል ላይ በአንድ ወገን የሌላ ሰው ፊት በጎን በኩል፣ በሌላው ወገን ደግሞ የዘንባባ ቅጠል ይታያል። ኮርዳ ሁለቱንም ከርክሞ ፊቱን ብቻ አስቀረ፤ ያ ፊት ዛሬ በካናቴራና በግድግዳ ላይ በዓለም ዙሪያ ይታያል። የተመልካቹ ዐይን ወደ አንድ ሥፍራ እንዲሄድ የሚያደርግ ክርከማ ሥዕልን ያጠራል ማለት ነው። ሆኖም ኮርዳ ኔጋቲቩን ስለ ጠበቀ፣ የተቆረጠው ሰው ማን እንደ ነበር ዛሬም ይታወቃል።

በአንጻሩ ክርከማ ሰውን ሊበድል ይችላል። በጥር 2012 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ በዳቮስ ከተማ ስለ አየር ንብረት የሚከራከሩ አምስት ወጣት ሴቶች አብረው ፎቶግራፍ ተነሡ። ከአምስቱ አንዷ፣ በጥጉ የቆመችው ዩጋንዳዊቷ ቫኔሳ ናካቴ፣ ብቸኛዋ አፍሪቃዊት ነበረች። አሶሲየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ሥዕሉን ሲያሠራጭ ናካቴ ተቆርጣ ወጥታ አራቱ ብቻ ታዩ። ለዚህም የተሰጠው ምክንያት ከኋላዋ የነበረው ሕንፃ የሥዕሉን ውበት አበላሸ የሚል ነበር። ወጣቷ ግን የተደመሰሰው የእርሷ ምስል ብቻ ሳይሆን አኅጉሯም ጭምር መሆኑን ገልጻ ተቃወመች፤ ድርጅቱም ይቅርታ ጠይቆ ሙሉውን ሥዕል አወጣ። ሙሉው ሥዕል ባይኖር ኖሮ ይቅርታው ብቻ ናካቴን ወደ ቦታዋ አይመልሳትም ነበር።

የኡም ራኩባ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በተሰደዱበት በ1977 ዓ.ም.ም ይህን የመሰለ ነገር ታይቶ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም በቢቢሲ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ የዓለም ሕዝብ ለርዳታ ተነሣሣ። ከዚያም በኋላ በጋዜጣና በርዳታ ማስታወቂያ ላይ የረሀብተኛ ሕፃን ፊት ብቻውን ጎልቶ የሚታይባቸው ሥዕሎች በዙ። ሕፃኑን ያቀፈው የእናት ክንድ፣ አጠገቡ ያለው የጤና ሠራተኛ፣ እህል የሚያከፋፍለው የአገር ሰው ከክፈፉ ውጭ ሲቀሩ፣ ተመልካቹ የሚያየው ረዳት የሌለውን ሕፃን ብቻ ይሆናል። ሥዕሉ ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን እውነቱን ጎረደው። በዚህ ላይ የተነሣው ወቀሳ እየበረታ ሄዶ፣ በ1981 ዓ.ም. የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ጉባኤ ስለ ታዳጊ አገሮች የሚወጡ ሥዕሎችንና መልእክቶችን የሚመለከት የሥነ ምግባር ደንብ አጸደቀ። የሰው ክብር እንዲጠበቅና የችግሩ ዙሪያ ገባ ሁሉ እንዲታይ ማሳሰብ የደንቡ ዓላማ ነበር።

ይህ ሲባል ጠርዝ ሁልጊዜ ይቀመጥ ማለት አይደለም፤ መቆረጥ የሚገባው ጠርዝም አለ። በጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው ያለበት ቦታ እንዲታወቅበት ላይፈልግ ይችላል። ከኋላው የሚታየው የመጠለያው ሰሌዳ ወይም ሳይጠየቅ በሥዕሉ ውስጥ የገባ ጎረቤት ለአደጋ ሊዳርግ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጠርዝ ከሚታተመው ቅጂ ላይ መከርከም ሰውን መጠበቅ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የሩዋንዳ የዘር ፍጅት በኋላ ከወላጆቻቸው የተለዩ ሕፃናት ፎቶግራፍ እየተነሡ፣ ምስሎቻቸው በስደተኞች መጠለያ በሰሌዳ ላይ ተለጥፈው ዘመዶቻቸው እንዲለዩአቸው ተደርጎ ነበር። እንዲህ ላለው ሥራ የሚያስፈልገው ጥርት ያለ ፊት ነው፤ ከጀርባ ያለው ነገር አይጠቅምም። ስለሆነም ክርከማው በጎ ወይም ክፉ የሚሆነው ፎቶግራፉ ለምን እንደሚታተም በመታወቁና ባለመታወቁ ነው።

ለቤተ ሰብ መታሰቢያ በሚታተም ሥዕል ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አባት በደጃፉ ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ከርክሞ ፊቱን ብቻ የሚያስቀር ሰው ደጃፉንም ይቆርጣል። ደጃፉ ዛሬም የቆመ ከሆነ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ቤቱ ተቃጥሎ ወይም ለዘለዓለም ተለይተውት ከሆነ ግን ያ ከአባት ትከሻ በስተኋላ የሚታየው የበር ጉበን፣ በግድግዳው ጥግ የተቀመጠው እንስራ፣ አጥር ሥር ብቅ ያለው የጎረቤት ልጅ የቀረ መታሰቢያ ነው። በመጠለያ የተወለደ ሕፃን ያላየውን ቤት የሚያየው በዚያ ጠርዝ በኩል ነው። አባቱን በፊቱ ያውቀዋል፤ አገሩን ግን በጠርዙ ይማራል።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ደንቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ዋናውን ሥዕል ጠብቆ ቅጂውን መከርከም፤ ሁለተኛ፣ ውሳኔውን ለመሣሪያው ሳይተዉ የወረቀቱን ቅርጽ አስቀድሞ አውቆ ራስ መከርከም፤ ሦስተኛ፣ ከመቁረጥ በፊት አራቱንም ጠርዞች መመልከትና በዚያ ያለው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው። የሚቻል ቢሆን ሁለት ቢታተም ይመረጣል፤ አንዱ ተከርክሞ ለኪስ፣ ሌላው ሙሉውን ለማኅደር። በሙሉው ጀርባ ላይ የሰዎቹ ስምና የተነሣበት ቦታና ዘመን በርሳስ ቢጻፍ፣ ሥዕሉን የሚወርሰው ልጅ በጥጉ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ የሚነግረው ሽማግሌ ባያገኝ እንኳ መልሱን ከወረቀቱ ያገኛል።

የቃላት ፍች

ጉርድ፦ የተቆረጠ፣ እንዲያጥር የተደረገ
መከርከም፦ ጠርዝን ቆርጦ ማስተካከል
ጥምርታ፦ የአንድ መጠን ከሌላ መጠን ጋር ያለው ግንኙነት፤ ለምሳሌ 4 ለ 3
ክፈፍ፦ የሥዕል ዙሪያ፤ የሚታየውን ከማይታየው የሚለይ አራት ማዕዘን
ቅጂ፦ ከዋናው የተገለበጠ
ጉበን፦ የበር ዙሪያ እንጨት ወይም መቃን
ማኅደር፦ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ተጠብቆ የሚቀመጥበት

መልመጃ 1
ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. «ጉርድ ፎቶግራፍ» የሚለው ስያሜ ከምን የመጣ ነው?
2. በ1977 ዓ.ም.ና በ2013 ዓ.ም. ወደ ኡም ራኩባ በተሰደዱት ሰዎች መካከል ከፎቶግራፍ አንጻር የነበረው ልዩነት ምንድን ነው?
3. ባለቤቱ ራሱ ካልከረከመ የማተሚያው መሣሪያ ሥዕሉን የሚቆርጠው እንዴት ነው?
4. በፊልም ዘመን የተቆረጠን ጠርዝ መልሶ ማግኘት ይቻል የነበረው ለምንድን ነው?
5. የአልቤርቶ ኮርዳን ክርከማ በቫኔሳ ናካቴ ላይ ከደረሰው ክርከማ የሚለየው ምንድን ነው?
6. «ሥዕሉ ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን እውነቱን ጎረደው» ማለት ምን ማለት ነው? በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።

መልመጃ 2
ከሚከተሉት ግሦች የሚወጡ ሁለት ሁለት ስሞችን ጻፉ፤ በዓረፍተ ነገርም አስገቧቸው።

ሀ. ቆረጠ  ለ. ከረከመ  ሐ. አተመ  መ. ተሰደደ

መልመጃ 3
በቤታችሁ ከሚገኙ ፎቶግራፎች አንዱን ምረጡ። በመካከሉ ያለውን ትታችሁ በአራቱ ጠርዞች ላይ የሚታየውን ብቻ በጥንቃቄ ተመልከቱ። በጠርዙ ላይ ስላለው ሰው ወይም ነገር ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ፣ ያገኛችሁትን መልስ ከሁለት አንቀጽ ባላነሰ ድርሰት ጻፉ።